አዴ ወርቂቱ እና በረኪና የሸተተው ውኃ

የአዴ ወርቂቱን ሞት የሰማሁት ከአምቦ ወደ ጊንጪ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ስለ ቀብር ያወራሉ። መጀመሪያ ልብ ብዬ አልሰማኋቸውም ነበር። አንደኛዋ «የውኃዋ እኮ ናት» ሲሉ ግን ወደ ፊት ተጠጋሁ።

«ይቅርታ እናቴ፣ የውኃዋ ማናት?»

«ወርቂቱ ናታ! ቆጣሪ ታነብ የነበረችው። አዲስ ዓለም ከተማ ልጇ ጋ ሆና ነው ያረፈችው። ትናንት ቀበርናት።» ዞር ብለው አዩኝ። «ታውቃታለህ?»

«አብረን ሠርተናል።»

ሁለተኛዋ ሴትዮ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያኔ ውኃው የተበላሸ ጊዜ አለቃዋ እሷ አልነበረች?»

«እሷው ናት። እንግዲህ ነፍስ ይማር ነው እንጂ ምን ይባላል።»

እኔ ግን የሚባል ነገር ነበረኝ። እስከ ጊንጪ ድረስ አፌን ሳልከፍት ሄድኩ።

አብረን የሠራነው ከአምቦ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ የውኃ አገልግሎት ውስጥ ነው። የከተማዋን ስም አልጽፍም። ከአዴ ወርቂቱ ሌላ ሰባት ሠራተኞች ነበርን። የእኔ ሥራ ፓምፑን መጠበቅና ኮረብታው ላይ ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ክሎሪን መጨመር ነበር። አዴ ወርቂቱ ከሁላችንም የቆዩ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ቆጣሪ አንብበዋል፤ የየግቢውን ውሻ በስሙ ይጠሩታል። አጠር ደልደል ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ከጥቁር ጃንጥላቸው የማይለዩ ሴት ነበሩ። ሰው ሲያዋራቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ ቀስ ብለው ይጠርጋሉ። የሚያዋራቸውን ሰው ማየት የማይፈልጉ ይመስላሉ፤ አንዲት ቃል ግን አታመልጣቸውም።

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም.፣ በተቃውሞው ዓመት ነው። መንገድ በየሳምንቱ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ሱቅ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ተዘግቶ ይውላል። አንድ ቀን በሥራ ሰዓት የጸጥታ ሰዎች ሁለት ባልደረቦቻችንን ከቢሮ ወሰዷቸው። ከሳምንታት በኋላ ተለቀው መጡ፤ ምን እንደተጠየቁ ግን አንድም ቀን አልተናገሩም። እኛም አልጠየቅንም። ሁላችንም በልባችን የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነበር፤ የጠቆማቸው ማነው?

ከዚያ በፊት ምሳችንን አንድ ላይ ነበር የምንበላው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሳህኑን ይዞ ወደ ጥጉ ሄደ። ሰው ስልኩን ሲያነሳ ሌላው ጆሮውን ያቆማል። ከአምቦ ተዛውሮ የመጣ ገመቹ የሚባል የፓምፕ ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ሲገባ ወሬ ይቆማል። እኔ ራሴ የማን ዓይን ማንን እንደሚያይ እያየሁ ነበር የምውለው።

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጃችን «አዲስ አበባ ታክሜ ልምጣ» ብሎ ሄዶ ቀረ። ቦታውን በተጠባባቂነት ለአዴ ወርቂቱ ሰጧቸው።

«በዚህ ጊዜ ወንበር የሚቀበል ሰው የማን ሰው ነው?» አለኝ ኦቦ በዳዳ፣ አንጋፋው የቧንቧ ሠራተኛችን። እሱንም አላምነውም ነበር። ግን ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁላችንንም ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ሰበሰቡን። ወንበር አልነበረም፤ ቆመን ነው።

«አካም ቡልተን?» ብለው ሰላምታ ሰጡንና መነጽራቸውን አወለቁ። «የማውቀውን ልንገራችሁ። ክሎሪን ያለን ለአምስት ሳምንት ነው። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት አላውቅም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ናፍጣ የለንም። የማላውቀውን ደግሞ አላውቅም እላችኋለሁ። በየቀኑ ጠዋት እዚህ እየቆምን የሰማሁትን እነግራችኋለሁ፤ የሰማችሁትን ትነግሩኛላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የፈራ ሰው ፈራሁ ብሎ ይቅር። አመመኝ አይበለኝ። ፈራሁ ካለኝ ተተኪ አዘጋጃለሁ፤ አመመኝ ካለኝ ግን ተኝቶ የሚነሳ መስሎኝ እጠብቀዋለሁ።»

እኔ ወጥመድ ነው ብዬ ነበር። ፈራሁ የሚል ሰው ስሙ የት እንደሚጻፍ ማን ያውቃል? በሦስተኛው ቀን ግን ኦቦ በዳዳ፣ ያ የማይደፈር ሽማግሌ፣ እጁን አውጥቶ «ነገ በዋናው መንገድ መምጣት ፈርቻለሁ» አለ። እሳቸውም «እሺ፣ በእኔ ቤት በኩል አድርገህ በጓሮ ና፤ አብረን እንገባለን» አሉት። በማግሥቱ ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው ሲመጡ አየሁ። ይህም አላሳመነኝም። ሽማግሌውን ወደ ራሳቸው እያስጠጉት ነው አልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሯቸው ገባሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

«አዴ፣ ስለ ገመቹ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው።»

«ተናገር።»

«ከአጥር ውጭ ከማይታወቅ ሰው ጋር ይነጋገራል። ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ከተራው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። ማታ የት እንደሚያድር የሚያውቅ የለም። እኔ ይሄ ሰው...»

መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር። «ቤክታ ሞ ሲቲ ፈካቴ?» አሉኝ። ታውቃለህ ወይስ መሰለህ? ይህቺ የእሳቸው ቃል ናት። በኦሮምኛ የሚጠይቁት ነገሩ ሲከብዳቸው ነበር።

«ማለቴ... ይመስለኛል።»

ተነሡ፤ መስኮቱን ከፈቱና «ገመቹ! አንዴ ወደዚህ ና!» ብለው ተጣሩ።

ገመቹ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። «እስቲ አሁን ያልከኝን ፊቱ ንገረው» አሉኝ። እየተንተባተብኩ ነገርኩት።

ገመቹ አልተቆጣም። ፊቱ የደከመ ሰው ፊት ነበር። «ሰውየው ደላላ ነው» አለ። «ቤት እያፈላለገልኝ ነው። ሦስት ቤት አግኝቶልኝ ሦስቱም ከለከሉኝ፤ ጆሮ ጠቢ ነው ተባልኩ። ቀድሜ የምመጣው ማደሪያዬ የሰው ምግብ ቤት አግዳሚ ላይ ስለሆነ ነው። ሲነጋ ያስነሡኛል።»

ወሬው ከየት እንደወጣ ሦስታችንም ገብቶን ነበር፤ ከእኛው ቢሮ ነው።

«ደረጀ» አሉኝ አዴ ወርቂቱ፣ «አሁን የምታውቀው ነገር አለህ። ወደ ሥራህ ሂድ።»

በዚያው ሳምንት ሁለታችንን በተከታታይ ተራ መደቡን፤ እሱ ሌሊቱን ይጠብቃል፣ እኔ ጠዋት እረከበዋለሁ። ለእሱም ከቆጣሪ ንባብ ዘመናቸው ከሚያውቋቸው አንዲት ባልቴት ዘንድ ክፍል አገኙለት። እኔ ግን ጠላኋቸው። ያዋረዱኝ እሳቸው ናቸው። ገመቹንም አላመንኩትም፤ የደላላው ታሪክ ከመጠን በላይ የተሰካካ መሰለኝ። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ማስረጃም አያስወጣውም።

ነሐሴ ላይ ነው። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ማጠራቀሚያው ግማሽ ደርሶ ነበር። ጠዋት ስደርስ ገመቹ በር ላይ ጃኬቱን እየለበሰ ነው።

«ክሎሪኑን ጨምሬያለሁ፤ መዝገቡ ላይ አለ» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

መዝገቡን ግን አላየሁትም። ባየውስ? የጻፈው እሱ ነው። የጨመረው ክሎሪን መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? ምናልባት ምንም አልጨመረም፤ ምናልባት ሌላ ነገር አድርጓል። ይህን እያሰብኩ ኮረብታውን ወጣሁ። ዱቄቱን በሙሉ ልኬት፣ ክረምት ስለሆነ ከፍ ባደረግነው ልኬት፣ በባልዲ በጥብጬ ማጠራቀሚያው ውስጥ ገለበጥኩት። ውኃው ግማሽ መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም።

አራት ሰዓት ሲሆን ከተማው በሙሉ በረኪና በረኪና ይሸት ጀመር። አምስት ሰዓት ላይ ውኃው ውስጥ መርዝ ገብቷል ተባለ። ሰዎች እንስራቸውን መንገድ ላይ ደፉ፤ ባልዲ ይዘው ወደ ወንዝ ወረዱ። ክረምት ነው፤ ወንዙ ከላይ የከብቱንም የሰዉንም ቆሻሻ ጠርጎ ያመጣል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የግቢያችን በር ላይ ሰው ተሰበሰበ።

አዴ ወርቂቱ መጀመሪያ ያደረጉት ወደ ከተማ የሚወርደውን መስመር ማስዘጋት ነበር። ከዚያ በፓምፕ ቤቱ ውስጥ ሰበሰቡን። ገመቹንም ከቤቱ አስጠርተውታል። ከውጭ ጩኸቱ ይሰማል።

«ዛሬ ክሎሪን የጨመረው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ገመቹ። «እንደ ሁልጊዜው አንድ ልኬት። መዝግቤያለሁ።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ኦቦ በዳዳ ራሱን ነቀነቀ። «እኔስ ብዬ ነበር» አለ።

ገመቹ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የሚጠበቅብኝ ቃል አንድ ነበር፤ «እኔም» ማለት ብቻ። አልወጣም። ከውጭ ያለው ሕዝብ ስሜን ቢሰማ ምን እንደሚያደርገኝ ነበር የማስበው።

አዴ ወርቂቱ መነጽራቸውን አጥልቀው መዝገቡን አነበቡ። ማዕዘኑ ላይ ያለውን የክሎሪን በርሜል ከፈት አድርገው አዩት። ከአንድ ልኬት በላይ ጎድሎ ነበር። «ማን እንደሆነ በኋላ እንነጋገራለን» አሉ። «አሁን ውጭ ያለው ሰው ይቀድማል። ማንም ብቻውን እንዳይወጣ።»

በሩን አስከፍተው ራሳቸው ወጡ። እኛ ከኋላቸው ቆምን። ከፊት ኦቦ ቶሎሳ ነበር፣ የእህል ወፍጮ ያለው፣ ድምፁ ከወፍጮው የሚበልጥ ሰው።

«መርዝ ነው ያጠጣሽን!» አለ። እንደ ወትሮው «እርስዎ» አላላቸውም። «ያንን መጤ አውጪልን! እሱ ነው ያደረገው፤ ሁሉም ያውቃል!»

«ቶሎሳ፣ ልጆችህ ጠጥተዋል?»

«አልጠጡም፣ እናታቸው ደፋችው።»

«ደግ አደረገች። ሁላችሁም ስሙኝ!» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «መርዝ አይደለም። የውኃ ማከሚያው በዝቶ ገብቷል። ስህተት ነው፤ የሠራነውም እኛ ነን። ምንም አይደለም ጠጡት አልላችሁም። አትጠጡት! ለልብስም ለቤትም ይሁን። የወንዙን ግን ሳታፈሉ እንዳትቀምሱ። ማጠራቀሚያውን አፍስሰን፣ አጥበን፣ ነገ አዲስ ውኃ እንለቃለን።»

«የሠራውን ሰው አውጪ!» አለ ሌላ።

«ሰው አላወጣም። የዚህ ቤት አለቃ እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ቤቴን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔም የሁላችሁን አውቃለሁ።»

«በምን እናምንሻለን?» አለ ቶሎሳ።

«አትመኑኝ። ሦስት ሰው ምረጡና ግቡ። በርሜሉን እዩ፣ ማጠራቀሚያው ላይ ውጡ፣ ስናፈስስ ቁሙ። ያያችሁትን ወጥታችሁ ለቀረው ንገሩ።»

ይህን ማንም አልጠበቀም። ተጉረመረሙ፣ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ቶሎሳና ሁለት ሰዎች ገቡ። በርሜሉን አሸተቱ፤ ዓይናቸው አነባ። ኮረብታው ላይ ወጥተው ውኃው ሲፈስ ቆመው አዩ። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ተበተነ። ቶሎሳ ከጎናችን ተቀምጦ «መብራት ከሌለ በምንድን ነው የምትሞሉት?» ብሎ ጠየቀ። ናፍጣ እንደሌለን አዴ ወርቂቱ ሳይደብቁ ነገሩት። ተነሥቶ ሄደ፤ ከወፍጮ ቤቱ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ አስይዞ ተመለሰ።

ገመቹ ቦቲውን አድርጎ ባዶው ማጠራቀሚያ ውስጥ ገባና ግድግዳውን መፈግፈግ ጀመረ። እኔ ከላይ ሆኜ ባልዲ አቀብለዋለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ «ነግሬህ ነበር» አለኝ። ባልዲውን አስቀመጥኩና ቁልቁል ወረድኩ።

አዴ ወርቂቱ ጄኔሬተሩ አጠገብ ነበሩ። «አዴ፣ ሁለተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ጨምሬያለሁ ብሎኝ ነበር፤ አላመንኩትም።»

«ለእኔ ብቻ አይደለም የምትነግረው» አሉ።

የቀሩትን ስድስቱንም ጠሩ። ገመቹ ከማጠራቀሚያው ወጥቶ እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። በሁሉም ፊት ደገምኩት። ኦቦ በዳዳ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፤ ከዚያ ገመቹን «ይቅር በለኝ ልጄ» አለው። እኔ ይህን እንኳ ለማለት ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ለሦስት ወር ክሎሪን ከገመቹ ጋር ሆኜ እንጂ ብቻዬን እንዳልነካ አዘዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡ ላይ የሚያስረክበውም የሚረከበውም ፊት ለፊት ቆመው እንዲፈርሙ ሆነ። በማግሥቱ ጠዋት ውኃው ተለቀቀ። ቶሎሳ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ገበያው አጠገብ ባለው ቦኖ ላይ ሰው እያየው ጠጣ።

የበላይ አካል ግን ስም ፈለገ። ነገሩ ከበረደ ከወራት በኋላ አዴ ወርቂቱ ከተጠባባቂነት ተነሥተው ወደ ቆጣሪ ንባባቸው ተመለሱ። ከተማውም ውኃውን ያበላሸችው ሴትዮ ይላቸው ጀመር። እኛ ሰባታችን እውነቱን እናውቃለን። ከመካከላችን ለውጭ ሰው የተናገረ ግን የለም፤ ከሁሉ በፊት መናገር የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ለምን እንደሸፈኑኝ ባሰብኩ ቁጥር ጥርጣሬዬ ይነሣል። አንድ ቀን የሆነ ነገር ሊጠይቁኝ ነው አልኩ። ወይ ፊርማ፣ ወይ ምስክርነት፣ ወይ ስለ ሰው ወሬ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ዛሬ ነው እያልኩ እጠብቃለሁ። «ደኅና ነህ? ልጆች ደኅና ናቸው?» ብለው ያልፋሉ። ጡረታ ወጥተው ወደ አዲስ ዓለም እስኪሄዱ ድረስ ምንም አልጠየቁኝም።

ከዚያ እኔ ራሴ የቡድን መሪ ሆንኩ። የድሮ ፋይሎችን ስረከብ ለበላይ የጻፉትን ደብዳቤ አገኘሁ። አንድ ገጽ ነው። «ስህተቱ የተፈጠረው ርክክቡን በአግባቡ ባለመቆጣጠሬ ነው» ይላል። ስሜ የለበትም። በዚያው ሳምንት አዲስ ዓለም ሄድኩ። እግራቸው አብጦ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ለምን ስሜን አልጻፉትም?» አልኳቸው።

«ብጽፈው ያባርሩሃል። በዚያ ወቅት ምትክ ከየት ነበር የማመጣው? ሰባት ሰው ነው ያለኝ። ውኃውን ማን ይስጥ?»

«አምነውኝ መስሎኝ ነበር» አልኩ፤ ትንሽ ከፋኝ።

ሳቁ። «ከየት አምጥቼ ላምንህ? ስድስት ወር ሙሉ አንተ ከጨመርክ በኋላ ገበያው ቦኖ ሄጄ ክሎሪኑን በመለኪያው ብልቃጥ እለካ ነበር። ሰባታችሁንም አላምንም ነበር እኮ። ግን ያላመንኩትን ሰው ነገር ለሌላው አላወራሁም፤ ሄጄ ለካሁ።»

ድፍረት አገኘሁ። «እነዚያን የታሰሩትን ሁለቱን የጠቆማቸውን ሰው ያውቁ ነበር?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የመሰለኝ ሰው ነበር።»

«ማን?»

«መሰለኝ ነው እኮ ያልኩህ» አሉና ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ።

ስነሣ ከተማ ውስጥ ስለሚባለው ነገር አነሣሁ፤ ለሰው ልንገር ወይ አልኳቸው። «እንደፈለግህ» አሉኝ። እንደፈለግሁ ማለት ለእኔ ዝም ማለት ሆነ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከሰማሁ በማግሥቱ ከገመቹና ከኦቦ በዳዳ ጋር ለለቅሶ አዲስ ዓለም ሄድን። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ከከተማችን የመጡ ሰዎችም አሉ። ገና ከመቀመጣችን አንድ ሽማግሌ «ደግ ሴት ነበረች፤ ያ የውኃው ነገር ብቻ ባይኖርባት» አሉ። ሰው አቀረቀረ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጃቸው የሰማችው ነገር አዲስ እንዳልሆነባት ከፊቷ ያስታውቃል።

ተነሣሁ። «የውኃው ነገር የእሳቸው አይደለም» አልኩ። «ክሎሪኑን በላዩ ላይ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ባልደረባዬ ጨምሬያለሁ ብሎኝ አላመንኩትም። እሳቸው ስሜን ደብቀው በራሳቸው ላይ ወሰዱት። ከሥራቸውም የተነሡት በእኔ ነው።»

ልጃቸው ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደርቋል። እናቷ እንዳልነገሯት ገባኝ።

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አለችኝ።

ልቀመጥ ስል እጇን አነሣች።

«አትቀመጥ» አለች። «ጮክ ብለህ ድገመው፤ እዚያ ዳር ያሉት አልሰሙም።»

ወደ ድንኳኑ ዳር ዞሬ ደገምኩት።